የለጋሾች ዕርዳታና የመማር ማስተማር ሥራ፦ የተስኪጊ ትምህርት ቤት ታሪክ ከ1881 እስከ 1944

መግቢያ

አንድ ትምህርት ቤት ከመደበኛው የመንግሥት በጀት ውጭ በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ ሲቋቋም ወይም ሲስፋፋ፣ በሪፖርት በብዛት የሚገለጸው የተገኘው ገንዘብ መጠን፣ የተሠሩት ሕንጻዎች ብዛትና የተማሪዎቹ ቁጥር ነው። ገንዘቡ በክፍል ውስጥ ያመጣው ለውጥ ግን በዚያው መጠን ሲመረመር አይታይም። ዕርዳታ ጣሪያ ሊያለብስ፣ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ሊያስገባ ይችላል። ተማሪው በቀን ስንት ሰዓት ከመምህሩ ፊት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚማርና ማን እንደሚያስተምረው ለመወሰን ግን ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ የተሰጠበት መንገድ፣ የተያያዘበት ግዴታና ትምህርት ቤቱ ከራሱ ያዋጣው ድርሻ የበለጠ ክብደት አላቸው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር በአሜሪካ አላባማ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የተስኪጊ ትምህርት ቤት ታሪክ አመቺ ነው። ትምህርት ቤቱ ከባርነት በወጣ ሕዝብ መካከል ከምንም ተነሥቶ፣ በሦስት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በአገሪቱ ከታወቁት የጥቁር ሕዝብ ተቋማት አንዱ ለመሆን በቅቷል። ከትንሹ የመንደር ስጦታ እስከ ታላላቅ ባለሀብቶች ልግስና ድረስ ልዩ ልዩ የዕርዳታ ዓይነቶችን አስተናግዷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረቱ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ ባርነት በሕግ ቢሻርም፣ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሩ ሕዝብ መሬትም ትምህርትም አልነበረውም። በ1881 የአላባማ ምክር ቤት በተስኪጊ ከተማ የጥቁር መምህራን ማሠልጠኛ እንዲቋቋም ሲፈቅድ በዓመት 2,000 ዶላር መደበ። ገንዘቡ ለመምህራን ደመወዝ ብቻ የሚውል ነበር። ለመሬት፣ ለሕንጻና ለመጻሕፍት የተመደበ ሳንቲም አልነበረም። ለትምህርት ቤቱ መቋቋም የደከሙት ቀድሞ ባሪያ የነበረው ቆርቆሮ ሠሪ ሉዊስ አዳምስና ነጩ ነጋዴ ጆርጅ ካምቤል ነበሩ።

ለርእሰ መምህርነት የተመረጠው ቡከር ዋሽንግተን በ1856 በባርነት የተወለደ፣ በቨርጂኒያ ሃምፕተን ትምህርት ቤት የተማረ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ትምህርት ቤቱን ሐምሌ 4 ቀን 1881 ሠላሳ ተማሪዎችን ይዞ በአንድ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቡ በነበረ ያረጀ ጎጆ ውስጥ ከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አብዛኞቹ በገጠር ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ የነበሩ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ የትምህርት ቤቱ ሥራ ከጅምሩ መምህራንን ማነጽ ሆነ።

የመሬቱ ግዥና የመንደሩ መዋጮ

ከመክፈቻው ሦስት ወር ያህል በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ የተተወ የእርሻ ቦታ በ500 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ግማሹን ወዲያውኑ መክፈል ያስፈልግ ነበር። የሃምፕተን ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ የነበረው ጄኔራል ማርሻል ከግል ገንዘቡ 250 ዶላር አበደረ። ቀሪውን ለመሰብሰብ ዋናውን ድካም የተሸከመችው መምህርት ኦሊቪያ ዴቪድሰን ነበረች። በከተማው ውስጥ የእራት ዝግጅቶችን እያሰናዳች፣ ከነጩም ከጥቁሩም ቤት እየዞረች ገንዘብና ምግብ ሰበሰበች። ጥቁር ቤተ ሰቦች ከነበራቸው ትንሽ ገቢ ሳንቲሞች አዋጡ፤ አንዲት ድኻ አረጋዊት ያጠራቀመቻቸውን ስድስት እንቁላሎች ይዛ እንደ መጣች ዋሽንግተን በግለ ታሪኩ ገልጿል። ብድሩ በሦስት ወር ተመለሰ፤ ከዚያም በሁለት ወር ውስጥ ዋጋው ተጠናቆ የ100 ኤከር መሬት የባለቤትነት ሰነድ በትምህርት ቤቱ እጅ ገባ።

ይህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ለኋላው ታሪክ መሠረት ነው። የውጭ ለጋሾች ወደ ተስኪጊ መመልከት የጀመሩት ትምህርት ቤቱ የራሱ መሬትና ከጀርባው የቆመ ሕዝብ ካገኘ በኋላ ነበር። በኋላም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ በባለአደራዎች ቦርድ የሚተዳደር ራሱን የቻለ ተቋም ሲሆን፣ ከክፍለ ግዛቱ የሚያገኘው ድጎማ ባይቋረጥም ንብረቱ የራሱ ነበር።

ጡቡና ትምህርቱ

የመጀመሪያው ትልቅ ሕንጻ 6,000 ዶላር ያህል የሚያስፈልገው ሲሆን፣ 500 ዶላር በሰጠው በኒው ዮርኩ የብሩክሊን ነዋሪ ስም «ፖርተር አዳራሽ» ተባለ። ሕንጻዎቹን በተቋራጭ ማሠራት ይቻል ነበር። ዋሽንግተን ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሠሩት ወሰነ። በከተማው ጡብ የሚሠራ ስላልነበረ ተማሪዎቹ ጭቃ ማቡካትና መተኮስ ጀመሩ። በመጀመሪያ የተሠሩት ሦስት ምድጃዎች አልተሳኩም። ለአራተኛው ገንዘብ ሲጠፋ ርእሰ መምህሩ የእጅ ሰዓቱን በመያዣ አስይዞ 15 ዶላር ተበደረ፤ አራተኛው ምድጃ ተሳካ። በምዕተ ዓመቱ መለወጫ ላይ ተማሪዎቹ በአንድ የሥራ ወቅት 1,200,000 ጡብ ያመርቱ ነበር። ትልቅና ትንሹ ተቆጥሮ በ1901 ከነበሩት 66 ሕንጻዎች ውስጥ ከአራቱ በስተቀር ሌሎቹ በአብዛኛው በተማሪዎች ጉልበት የተሠሩ ነበሩ።

ከሥርዓተ ትምህርት አኳያ ሲታይ እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነጥብ አለ። ለሕንጻ የተሰጠው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ሠርቷል፦ አንድ ጊዜ ሕንጻውን አቆመ፤ ሁለተኛ ጊዜ ጡብ ሥራን፣ አናጺነትን፣ ግንበኝነትንና ንድፍን አስተማረ። ይሁን እንጂ ይህ ሊሆን የቻለው ሥራውን የሚመራ በቂ ዕውቀት ያለው መምህር በመኖሩ ነበር። ከ1892 ጀምሮ የሕንጻ ንድፉን የመራው ሮበርት ቴይለር ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሥነ ሕንጻ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። እንዲህ ያለ መምህር በሌለበት ቦታ ተማሪው ጡብ ቢሸከም ጉልበቱ ይደክማል እንጂ ሙያ አይማርም።

ወላጆች ይህን አሠራር በቀላሉ አልተቀበሉትም ነበር። ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የላኩት መጽሐፍ እንዲማሩ እንጂ ጉልበት እንዲሠሩ አለመሆኑን እየጻፉም በአካል እየመጡም ተቃወሙ። በባርነት ዘመን ሥራ ያለ ዋጋ የተጫነበት ሕዝብ እንዲህ ቢል የሚያስደንቅ አይደለም።

የተማሪ ድጎማና የማታው ትምህርት

የአንድ ተማሪ የትምህርት ወጪ በዓመት 50 ዶላር ነበር። ተማሪዎቹ ምግባቸውንና መኝታቸውን በከፊል በሥራ፣ በከፊል በገንዘብ ይሸፍኑ የነበረ ቢሆንም፣ አብዛኞቹ ይህን 50 ዶላር መክፈል አይችሉም ነበር። ስለሆነም ትምህርት ቤቱ ለጋሾችን የአንድ ተማሪ የዓመት ወጪ እንዲሸፍኑ ይጠይቅ ጀመር። ሰጪው ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በግልጽ ስለሚያውቅ ይህ አሠራር ትንንሽ ለጋሾችንም ለመሳብ ረዳ።

ከዚህም በታች ለሆኑት፣ ለምግባቸው እንኳ አንዳች ለሌላቸው፣ በ1884 የማታ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተማሪዎቹ ቀን 10 ሰዓት ሠርተው ማታ 2 ሰዓት የቀለም ትምህርት ይማራሉ፤ ከምግባቸው የተረፈው ደመወዝ ይቀመጥላቸውና ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ቀኑ ትምህርት ቤት ሲገቡ ይከፈልላቸዋል። በ12 ተማሪዎች የተጀመረው ይህ ክፍል በ1901 ወደ 457 ተማሪዎች ደርሶ ነበር።

ቁጥሩ የሚያኮራ ነው። ሆኖም በክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ሲቀመጥ የዕርዳታውን ወሰን ያሳያል። ለጋሽ ያላገኘ ተማሪ ለትምህርቱ የከፈለው በጊዜው ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ በሥራ የዋለ ወጣት ከምሽቱ የሚያገኘው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ 50 ዶላር ያገኘውንና ያላገኘውን ተማሪ የለየው ዋናው ነገር በቀን የሚያገኙት የመማሪያ ሰዓት ነበር ለማለት ይቻላል። የተማሪ ድጎማ ትምህርትን የሚያጠነክረው በዚህ መንገድ ነው፦ የተማሪውን ጊዜ ከእንጀራ ፍለጋ ነጻ አውጥቶ ለትምህርት ይመልሳል።

ቋሚ ገንዘብ፣ መምህራንና ምርምር

ዋሽንግተን በ1895 በአትላንታ ካደረገው ንግግር በኋላ የሰሜኑ ባለሀብቶች በር ሰፋ ብሎ ተከፈተለት። የባቡር ሐዲድ ባለሀብቱ ኮሊስ ሀንቲንግተን በመጀመሪያ የሰጠው 2 ዶላር ሲሆን በመጨረሻ 50,000 ዶላር ሰጠ። አንድሩ ካርኔጊ ለቤተ መጻሕፍት ሕንጻ 20,000 ዶላር፣ በ1903 ደግሞ ዋናው ሳይነካ ወለዱ ብቻ በሥራ ላይ የሚውል 600,000 ዶላር ሰጠ። ቋሚ ገንዘብ ከሌላው ዕርዳታ የሚለይበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዓመት ልመና የሚያስገኘው ገቢ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ለመምህር የረጅም ጊዜ ውል ለመስጠት አያስችልም፤ ቋሚ ገቢ ግን ያስችላል። ዋሽንግተን በ1915 ሲሞት ትምህርት ቤቱ ከ100 በላይ ሕንጻዎች፣ 1,500 ያህል ተማሪዎች፣ ወደ 200 የሚጠጉ መምህራንና 2 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቋሚ ገንዘብ ነበረው።

በ1896 በዓመት 1,000 ዶላር ደመወዝ የተቀጠረው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር በአዮዋ የግብርና ኮሌጅ ሁለተኛ ዲግሪውን ያገኘ ሳይንቲስት ነበር። በ1897 የአላባማ ምክር ቤት በዓመት 1,500 ዶላር መድቦ በትምህርት ቤቱ የግብርና ምርምር ጣቢያ እንዲቋቋም ሲያደርግ ካርቨር ኃላፊው ሆነ። በ1906 በኒው ዮርኩ ባለሀብት ሞሪስ ጄሰፕ ስጦታ የእርሻ መሣሪያዎችን ጭኖ ከመንደር ወደ መንደር የሚዞር ጋሪ ተሠራ። በዚህ «ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤት» አማካይነት የክፍሉ ትምህርት ወደ ገበሬው ማሳ ደረሰ። በሌላ በኩል ካርቨር በአንድ ጊዜ መምህር፣ ተመራማሪ፣ የእርሻ ተቆጣጣሪና የዶሮ እርባታ ኃላፊ እንዲሆን በመደረጉ ከርእሰ መምህሩ ጋር ለዓመታት ሲጨቃጨቅ ኖሯል። ለጋሾች ለሕንጻና ለመሣሪያ የሚሰጡትን ያህል ለሠራተኛ ደመወዝ ስለማይሰጡ፣ ሸክሙ የሚወድቀው በጥቂት መምህራን ትከሻ ላይ ነው።

የርእሰ መምህሩም ጊዜ እንዲሁ ነበር። ዋሽንግተን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን በገንዘብ ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ ርቆ ያሳልፍ ነበር። ሥራው ያልተቋረጠው 86 መምህራንንና ጸሐፊዎችን ያቀፈ የአስተዳደር አካል ስላደራጀና በሄደበት ሁሉ የየዕለቱ ሪፖርት እንዲደርሰው ስላደረገ ነው። ዕርዳታ ማሰባሰብም ራሱን የቻለ ወጪ እንዳለው ከዚህ ለመረዳት ይቻላል።

የለጋሹ ግዴታና የትምህርቱ ይዘት

ከመደበኛ ለጋሾች አንዱ በ1882 በአንድ ሚሊዮን ዶላር የተቋቋመው የስሌተር ፈንድ ነበር። ለተስኪጊ በመጀመሪያ የሰጠው 1,000 ዶላር ሲሆን፣ በ1901 ስጦታው በዓመት 11,000 ዶላር ደርሶ ነበር። ፈንዱ ቅድሚያ የሚሰጠው የእጅ ሙያ ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ነበር። ተስኪጊ የእጅ ሙያን የመረጠው በመሪው እምነት ነው፤ ሆኖም ገንዘቡ ይህን ምርጫ አጸናው፣ ሌሎች የጥቁር ትምህርት ቤቶችም ወደዚያው እንዲያዘነብሉ ገፋፋ። ከለጋሾቹና በዙሪያቸው ከነበሩት ነጮች ብዙዎቹ ጥቁሩ ሕዝብ የላቀ የቀለም ትምህርት እንዲያገኝ አይሹም ነበር።

ይህን በይፋ የተቃወመው የአትላንታ ዩኒቨርሲቲው መምህር ዱ ቦይስ ነበር። በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ የእጅ ሙያን ጥቅም ሳይክድ፣ አንድ ሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው መሪዎችና መምህራን ከሌሉት ወደ ፊት ሊራመድ እንደማይችል ተከራከረ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ለመምህራን ማሠልጠኛዎች በተለይ የሚመለከት ነው፦ ተስኪጊ ራሱ በጥቁር ኮሌጆች የሠለጠኑ መምህራን ባይኖሩት ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ተከፍቶ ሊውል አይችልም ነበር። የእጅ ሙያው ትምህርት ቤት ለጋሾች ችላ ባሉት የቀለም ትምህርት ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

የክርክሩ ፍሬ በአንድ የተስኪጊ ተማሪ ሕይወት ይታያል። በኢትዮጵያ ታሪክ የሚታወቀው ጆን ሮቢንሰን በ1920ዎቹ መጀመሪያ በዚያ የተማረው የአውቶሞቢል ሜካኒክነት ነው። የአውሮፕላን ትምህርት በዚያን ጊዜ በተስኪጊ ስላልነበረ፣ በረራ የተማረው ቺካጎ ሄዶ ነው። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አነስተኛውን የአየር ኃይል መርቷል፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሠልጥኗል። ትምህርት ቤቱ የሰጠው ሙያ ጠንካራ መሠረት ሆነለት፤ ቀጣዩን ደረጃ ግን ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት። ተስኪጊ የበረራ ትምህርት የጀመረው በ1939 ሲሆን፣ በ1941 የማሠልጠኛ አውሮፕላን ማረፊያው የተሠራው የሮዘንዋልድ ፈንድ ባበደረው 175,000 ዶላር ነበር።

የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤቶች

የዚህ ፈንድ መሥራች፣ የቺካጎው ነጋዴ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ፣ በ1912 የተስኪጊ ባለአደራ ሆነ። በዚያው ዓመት ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ለትምህርት ቤቱ ከሰጠው 25,000 ዶላር ላይ በተረፈው ገንዘብ፣ በዋሽንግተን አሳሳቢነት ስድስት አነስተኛ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ከዚህ ትንሽ ሙከራ የተነሣው ዕቅድ እስከ 1932 ድረስ በ15 ክፍለ ግዛቶች 4,977 ትምህርት ቤቶችን፣ 217 የመምህራን መኖሪያዎችንና 163 የእጅ ሥራ ክፍሎችን አስገኘ።

ጠቅላላ ወጪው 28.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ የፈንዱ ድርሻ 4.4 ሚሊዮን ብቻ ሲሆን፣ ጥቁሩ ሕዝብ 4.7 ሚሊዮን፣ ነጮች 1.2 ሚሊዮን በመዋጮ ሰጡ። ቀሪው 18.1 ሚሊዮን ከመንግሥት ግብር ተከፈለ። የለጋሹ ገንዘብ ከስድስት አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ መንግሥትን ለሥራ ያስነሣው በግዴታዎቹ ነው። ሕዝቡ እንዲያዋጣ፣ የክፍለ አገሩ ትምህርት አስተዳደር ሕንጻውን ተረክቦ እንዲያስተዳድር፣ ክፍሎቹ የቀን ብርሃን በሚያስገባ ንድፍ እንዲሠሩ፣ የትምህርት ዘመኑም ቢያንስ አምስት ወር እንዲሆን ይጠየቅ ነበር። እነዚህ ግዴታዎች ከስሌተሩ የሚለዩት፣ የትምህርቱን ይዘት ከማጥበብ ይልቅ የመማሪያ ጊዜንና ሁኔታን በማሻሻላቸው ነው። በ1928 በደቡብ ከነበሩት የገጠር ጥቁር ተማሪዎች አንድ ሦስተኛው በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ይማሩ ነበር። በ2011 የታተመው የአሮንሰንና የማዙምደር ጥናትም ትምህርት ቤቶቹ በተማሪዎች ክትትል፣ በማንበብና መጻፍ ችሎታና በተማሩባቸው ዓመታት ብዛት ላይ ጉልህ ለውጥ ማምጣታቸውን አረጋግጧል።

ይህም ሆኖ አንድ ኢፍትሐዊነት ነበረበት። ጥቁሩ ሕዝብ እንደ ማንኛውም ዜጋ ግብር እየከፈለ፣ ለነጮች ልጆች በግብር የሚሠራውን ትምህርት ቤት ለራሱ ልጆች ዳግመኛ በመዋጮ መክፈል ነበረበት። መዋጮ የባለቤትነት ስሜትን ያሳድጋል። ይሁንና የመንግሥትን ግዴታ ተክቶ ሲገኝ በድኻው ላይ ሁለተኛ ግብር ይሆናል።

ከተናጠል ልመና ወደ ኅብረት

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት የግል ለጋሾች ሲቀንሱ፣ የጥቁር ኮሌጆች መሪዎች አንዱ የአንዱን በር እያንኳኳ የሚሻማበት ሁኔታ ጎልቶ ታየ። ከ1935 ጀምሮ የተስኪጊ መሪ የነበረው ፍሬደሪክ ፓተርሰን በ1943 ኮሌጆቹ በኅብረት ገንዘብ እንዲያሰባስቡ በጋዜጣ ሐሳብ አቀረበ። በ1944 27 ኮሌጆች ያሉበት የተባበሩት የጥቁር ኮሌጆች ፈንድ ተመሠረተ። ለአንድ የተወሰነ ሕንጻ ሳይሆን ለመደበኛ ሥራ ማስኬጃ የሚውል ገንዘብ በጋራ መሰብሰቡ፣ መሪዎቹን ከተናጠል ልመና በከፊል አሳረፈ፤ ኮሌጆቹም ገንዘቡን መምህርና መጽሐፍ በጎደለበት እንዲያውሉት ዕድል ሰጠ።

ማጠቃለያ

የተስኪጊ ታሪክ ዕርዳታ ሁሉ ትምህርትን ያጠነክራል ወይም ዕርዳታ ሁሉ ነጻነትን ይነካል ለማለት አያስችልም። የሚያሳየው እያንዳንዱ የዕርዳታ ዓይነት የሚያጠነክረው የተለየ ነገር መሆኑን ነው። የሕንጻ ስጦታ የሚያስተምረው ሥራውን የሚመራ ብቁ መምህር ሲኖር ነው። የተማሪ ድጎማ የመማሪያ ሰዓትን ይገዛል። ቋሚ ገንዘብ መምህርን ያጸናል። በመዋጮና በግዴታ የተደገፈ ስጦታ መንግሥትን ያነሣሣል። ይዘትን የሚወስን ስጦታ ግን፣ ምንም ያህል ለጋስ ቢሆን፣ ተማሪው ሊደርስበት የሚችለውን ደረጃ አስቀድሞ ሊወስንበት ይችላል።

በአገራችንም የሕዝብ መዋጮና የውጭ ዕርዳታ ተጣምረው ትምህርት ቤት ሲሠሩ ኖረዋል፤ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በስዊድን ዕርዳታ የተስፋፋው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ለዚህ ምስክር ነው። ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች አንድ የዕርዳታ ሐሳብ ሲቀርብላቸው ከሕንጻው ንድፍ ጎን ለጎን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ሊመለከቱ ይገባል። በዚህ ገንዘብ የተማሪው የመማሪያ ሰዓት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? መምህሩ ይጸናል ወይስ ሸክሙ ይበዛል? የሚማረውን የሚወስነው ማን ነው? ለጋሹ ሲሄድ ሥራውን የሚረከበውስ ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች አስቀድሞ መልስ ያላገኘ ዕርዳታ፣ በምርቃቱ ዕለት የቱንም ያህል ቢያምር፣ በክፍል ውስጥ የሚጠበቅበትን ፍሬ መስጠቱ አጠራጣሪ ነው።